ጣሪያ የሚያድስ ወይን

(አዲስ አበባ ውስጥ፣ በአንድ የቆየ ቤት በተዘጋጀ የወይን ቅምሻ ምሽት ላይ የተደረገ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች ጥቂት ተስተካክሏል።)

እንደምን አመሻችሁ። አዘጋጆቹ ንግግሩ ከመጠጡ ይቅደም ብለዋል። ብልሃታቸው ገብቶኛል፤ ከሁለተኛው ብርጭቆ በኋላ የሚሰማኝ አይኖርም። ስለዚህ ትንሽ ታገሡኝ።

የማወራችሁ ስለ አንድ ሆስፒታል ነው። ለወይን ምሽት የሚሆን ወሬ አይመስልም፤ አውቃለሁ። ግን በየዓመቱ ከሚደረጉት የወይን ድግሶች እጅግ ስመ ጥር ከሆኑት አንዱ የሚደገሰው ለዚህ ሆስፒታል ተብሎ ነው። ከተማው ቦን ይባላል። የጀርመኑ ቦን አይደለም። ይሄኛው ፈረንሳይ ውስጥ፣ ቡርጎኝ በሚባለው አገር፣ ከዲዦን ወደ ደቡብ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ወረድ ብሎ ያለ ትንሽ ከተማ ነው። ሃያ ሺህ ገደማ ሰው ይኖርበታል። ዓመቶቹን እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራው፤ የኛን ስጠራ ዓ.ም እላለሁ።

ዘመኑ 1443 ነው። እንግሊዝና ፈረንሳይ መቶ ዓመት የፈጀውን ጦርነት ገና አልጨረሱም። ቡርጎኝ ያኔ በራሷ መስፍን የምትመራ ነበረች፤ ከፈረንሳይ ጋር የታረቀችው ከስምንት ዓመት በፊት፣ በ1435 ነው። ዕርቁ ሲፈረም ግን ደሞዙ የተቋረጠበት ወታደር በየገጠሩ ተበተነ። ዘረፈ፣ አቃጠለ። ረሃብ መጣ። ረሃብን ተከትሎ በሽታ መጣ። የቦን ሰው አብዛኛው የሚላስ የሚቀመስ አልነበረውም።

በዚህ መሀል ኒኮላ ሮላን የሚባል ሰው አለ። የቡርጎኝ መስፍን የፊሊፕ ቀኝ እጅ ነው። በማዕረጉ ቻንስለር ይባላል፤ በኛ ብናስበው ማኅተሙን የያዘ፣ ፊርማው የሚፈራ ሹም ነው። ከስልጣኑ ጋር ሀብቱም የትየለሌ ነበር። ሚስቱ ጊጎን ደ ሳላን ትባላለች። ሁለቱ ሆነው ኦገስት 4 ቀን 1443 ለድሆች የሚሆን ሆስፒታል መሠረቱ። የፈረንሳዩ ንጉሥ ሉዊ 11ኛ ይህን ሲሰማ «ይህን ሁሉ ድሃ የፈጠረ ሰው ቤት ቢሠራላቸው ምን ይገርማል» ብሏል ይባላል። ነገሥታትም ሐሜት ያውቃሉ።

ሕንፃው ዛሬም ቆሟል። ከመንገድ ሲያዩት ጭር ያለ ነው። ግራጫ ጣሪያ፣ ረጅም ግድግዳ፣ አንድ በር። ወደ ግቢው ሲገቡ ግን ጣሪያው ሌላ ይሆናል። ቢጫ፣ ቀይ፣ አረንጓዴና ቡናማ የሚያብረቀርቅ ሸክላ፣ እንደ ጥለት ተሰድሮ። በፖስትካርድ የምታዩት ይሄኛው ነው። አሁን ያለው ሸክላ የመጀመሪያው እንዳይመስላችሁ። ከ1902 እስከ 1907 ባለው ጊዜ እንደገና የተለበጠ ነው። ይህን ያዙልኝ፤ ጣሪያ ያረጃል፣ ጣሪያ ገንዘብ ይበላል።

ውስጥ ትልቁ ክፍል የድሆች አዳራሽ ይባላል። ሃምሳ ሜትር ያህል ይረዝማል። ግራና ቀኝ ሁለት ረድፍ አልጋ፣ ቀይ መጋረጃ። ጣሪያው ከውስጥ የተገለበጠ ጀልባ ይመስላል፤ ተሸካሚ እንጨቶቹ ጫፍ ላይ አፋቸውን የከፈቱ ዘንዶዎች ተቀርጸዋል። በአንድ አልጋ ሁለት በሽተኛ የሚተኛበት ዘመን ነበር። ከወለሉ ሥር ወንዝ ያልፋል፤ ቆሻሻው እዚያ ይጣላል፣ ውኃው ይዞት ይሄዳል። ለ15ኛው ክፍለ ዘመን ይህ ትልቅ ጥበብ ነው።

ከአዳራሹ ጫፍ ጸሎት ቤት አለ። በሽተኛው ከአልጋው ሳይነሳ ቅዳሴ እንዲሰማ ተብሎ የተሠራ ነው። መሠዊያው ላይ ሮላን ያዘዘው ሥዕል ነበር፤ ሠዓሊው ሮኺር ፋን ደር ቬይደን፣ ሥዕሉ የመጨረሻው ፍርድ። ዘወትር ተዘግቶ ይኖርና እሑድና በዓል ሲሆን ይከፈታል። መሀል ላይ ቅዱስ ሚካኤል ሚዛን ይዞ ነፍስ ይመዝናል። ሚዛን የያዘ ሚካኤልን እኛም በየቤተ ክርስቲያናችን ግድግዳ እናውቀዋለን። እዚያ ተኝቶ የሚያጣጥር ሰው ይህን እያየ ምን ይሰማው እንደነበር እንጃ። መጽናኛ ነው ማስፈራሪያ? በ19ኛው ክፍለ ዘመን ደግሞ ሥዕሉ ላይ ያሉት ራቁት ሙታን አሳፈሩና ልብስ ተቀባላቸው። ኋላ ሲታደስ ልብሱ ተፋቀ።

ወደ ወይኑ ልምጣ። ሮላን ሕንፃውን ሠርቶ ብቻ አልሄደም። ለሆስፒታሉ ከሳላን የጨው ማምረቻ በየዓመቱ አንድ ሺህ ሊቭር እንዲገባለት ወሰነ። ሊቭር የዘመኑ ገንዘብ ነው። ለኔ የሰውዬው ብልህነት እዚህ ላይ ነው። የሚያምር ቤት የሚሠራ ሀብታም ሞልቷል። ለቤቱ ቀለብ የሚቆርጥለት ግን ጥቂት ነው። የመጀመሪያው በሽተኛ የገባው ጃንዋሪ 1 ቀን 1452 ነው። ሮላን በ1462 ሞተ። ጊጎን በ1470 እስክትሞት ሆስፒታሉን ስታስተዳድር ኖረች፤ የተቀበረችውም እዚያው ጸሎት ቤት ውስጥ ነው። እንደኔ እንደኔ ከባሏ ይልቅ እሷ ናት የምታስደንቀው። እሱ ሰጠ፤ እሷ ዋለችበት፣ አደረችበት።

በ1457 ጊዬሜት ለቨርኒዬ የምትባል ሴት ለሆስፒታሉ የወይን ማሳ ሰጠች። የመጀመሪያዋ እሷ ናት። ከዚያ በኋላ ሌላው ተከተለ። የታከመ፣ ዘመዱ የታከመለት፣ ነፍሱን የፈራ፣ ወራሽ ያጣ፣ ሁሉም ከማሳው ቆርሶ ይሰጥ ጀመር። አምስት መቶ ዓመት ሙሉ እንዲህ ተጠራቅሞ ዛሬ ሆስፒታሉ 60 ሄክታር ያህል የወይን ማሳ አለው። አብዛኛው በቡርጎኝ ምርጥ ከሚባለው መሬት ነው።

ይህ ለኛ ባዕድ ነገር አይደለም። አብያተ ክርስቲያናትና ገዳማት በጉልት ይተዳደሩ ነበር። ንጉሡ ወይም ባላባቱ የመሬት ግብር ይሰጣል፤ ካህኑ፣ ጧፉ፣ ዕጣኑ፣ የጣሪያው ክዳን ከዚያ ይወጣል። የ1967 ዓ.ም የመሬት አዋጅ ይህን ዘጋው። የአዋጁ ክርክር ሌላ ቀን ይሁን፤ ጭሰኛውን ጠይቆ የተሰጠ ጉልት እንዳልነበረም አልረሳሁም። የምለው አሠራሩን እናውቀዋለን ነው። ቤት ያለ ገቢ አይቆምም።

የቦን ሆስፒታል ወይኑን በጨረታ መሸጥ የጀመረው በ1859 ነው። ዛሬ ጨረታው በየዓመቱ በኖቬምበር ሦስተኛው እሑድ ይደረጋል። በኛ ሲሰላ ከሕዳር አጋማሽ በፊት ማለት ነው፤ የነቢያት ጾም የሚገባው ሕዳር 15 ስለሆነ ጾም ላይ አይወድቅም። ጿሚ ሰው መሄድ ቢፈልግ ሰበብ የለውም።

ከጨረታው በፊት ቅምሻው አለ። ቦን ከተማ ሥሩ ምድር ቤት ነው። ደረጃ ወርዳችሁ ስትገቡ ብርዱ ይቀበላችኋል። በርሜሎች ተሰልፈዋል፤ አንዱ 228 ሊትር ይይዛል፣ ወደ 300 ጠርሙስ ነው። ፍሬው የተለቀመው በመስከረም አካባቢ ስለሆነ ወይኑ የሁለት ወር ልጅ ነው። ገና ጉሽ ነው። ጠማቂው ረጅም የመስታወት ቱቦ ወደ በርሜሉ ሰድዶ ይመጥና ብርጭቋችሁ ውስጥ ጠብ ያደርግላችኋል። በነገራችን ላይ የሆስፒታሉ ዋና ወይን ጠማቂ ከ2015 ጀምሮ ሉዲቪን ግሪቮ ናት። በሆስፒታሉ ታሪክ ይህን ሥራ የያዘች የመጀመሪያዋ ሴት ናት። ማሳውን ለመጀመሪያ ጊዜ የሰጠችው ሴት፣ ሕንፃውን ያቆየችው ሴት፣ በሽተኛውን ያስታመሙት መነኮሳይያት። ጠማቂ ሴት ለመሆን እስከ 2015 መጠበቁ ነው የሚገርመው።

ብርጭቆውን ታሽከረክራላችሁ። ታሸታላችሁ። ትጎነጫላችሁ፣ ከንፈር ከፈት አድርጋችሁ አየር ትስባላችሁ፣ አፍ ውስጥ ታንከባልሉታላችሁ። ከዚያ ትተፋላችሁ። አዎ፣ ይተፋል። አያቴ ይህን ብታይ ያንን ሁሉ ወይን ምን አደረጋችሁ ብላ ታማትብ ነበር። ግን ነጋዴው በአንድ ጠዋት አርባ ሃምሳ ዓይነት ሊቀምስ ይችላል። ሁሉን ቢውጠው ጨረታው ላይ እጁን የሚያወጣው ለመዝፈን ነው።

ቀማሹ የሚፈልገው የዛሬውን ጣዕም አይደለም። የዛሬው ይቆመጥጣል፣ አፍ ያደርቃል። አፍ የሚያደርቀው ታኒን የሚባለው ነገር ነው፤ ከፍሬው ልጣጭና ከዘሩ ይወጣል። እሱ ነው ቀዩን ወይን ለዓመታት የሚያቆየው። ቀማሹ የሚገምተው የዛሬ አሥር ዓመት ምን እንደሚሆን ነው። የልጅ መልክ አይቶ ጎልማሳውን መገመት ማለት ነው፤ ይሳሳታሉም። የሚገዛው በርሜሉን ነው እንጂ ጠርሙሱን አይደለም። ወይኑ በቡርጎኝ ነጋዴዎች ጓዳ ከአንድ እስከ ሁለት ዓመት ተቀምጦ ነው የሚታሸገው። ጠርሙሱ ላይ የመሥራቾቹና የለጋሾቹ ስም ይጻፋል። ኒኮላ ሮላን የሚል አለ፣ ጊጎን ደ ሳላን የሚል አለ። አምስት መቶ ዓመት የሞላው ስጦታ ዛሬም ስሙ እራት ላይ ይጠራል።

ድግሱ ሦስት ቀን ነው። ቅዳሜ ማታ በክሎ ደ ቩዦ ግንብ እራት አለ። ቦታውን በ12ኛው ክፍለ ዘመን ያቀኑት የሲቶ ገዳም መነኮሳት ናቸው፤ ወይን የተከሉት፣ ዙሪያውን ያጠሩት እነሱ ናቸው። ግንቡ በ1551 ተሠራ። የመነኮሳቱ ግዙፍ የእንጨት መጭመቂያዎች እስካሁን አሉ፤ አንዱን ለመዞር ከብዙ ሰው ጋር መጋፋት አለባችሁ። ይህን ግንብ የያዘው የታስትቫን ማኅበር የሚባል ነው። ታስትቫን ወይን የሚቀመስባት ትንሽ የብር ጣሳ ናት።

ማኅበሩ የተመሠረተው በ1934 ነው። ዓለም በኢኮኖሚ ቀውስ ውስጥ ነበረች፤ የቡርጎኝ ወይን ገዢ አጥቶ በየጓዳው ተከማችቷል። ሰዎቹ ቁጭ ብለው መከሩና «የሚገዛን ካጣን ወዳጆቻችንን ጠርተን እንጠጣው» አሉ። ቀይና ወርቅማ ካባ ሰፉ፣ ሥርዓት ፈጠሩ፣ ዘፈን አወጡ፣ ጋዜጠኛና ዲፕሎማት ጋበዙ። የማስታወቂያ ሥራ ነው፤ ካባው ደግሞ የጥንት ይመስላል። ጥንታዊ የሚመስል ነገር ሁሉ ጥንታዊ አይደለም። እኔ ግን አልታዘባቸውም። ግንቡንም ተረክበው ጠገኑት። እራቱ ላይ በመቶዎች የሚቆጠር ሰው በአንድ አዳራሽ ይቀመጣል፤ ለሰዓታት ይበላል። በየመሀሉ ሁሉም ሁለት እጁን ወደ ላይ አንስቶ አምፖል እንደሚፈታ ሰው መዳፉን እያዞረ ላ ላ ላ ይላል፣ ከዚያ ያጨበጭባል። አምባሳደሩም ሚኒስትሩም ከዚህ አያመልጥም።

እሑድ ጨረታው ነው። ከተማው ጢም ይላል። መንገዱ ላይ ሙዚቃ አለ፣ ምግብ ይሸጣል። በዚሁ ቅዳሜና እሑድ የግማሽ ማራቶን ሩጫም አለ፤ በወይኑ ባንችልም በሩጫው አንታማም። ጨረታው ከሆስፒታሉ ፊት ለፊት ባለው የገበያ አዳራሽ ይካሄዳል። በድሮው ወግ ዋጋ ሲጠራ ትንሽ ሻማ ይለኮሳል፤ ሻማው ሲጠፋ የመጨረሻውን ዋጋ የጠራው ሰው ወሰደ ማለት ነው። አሁን ለአብዛኛው በመዶሻ ነው። ከ2005 ጀምሮ ክሪስቲስ የሚባለው አጫራች ድርጅት ያጫርት ነበር፤ ከ2021 ወዲህ ደግሞ ሶዝቢስ የሚባለው ያጫርታል። ድሮ የሚገዛው ነጋዴ ብቻ ነበር፤ አሁን ገንዘብ ያለው ማንም ሰው ከቤቱ ሆኖ በስልክ ይጫረታል።

መሀል ላይ አንድ ልዩ በርሜል ይቀርባል። የእሱ ገንዘብ ለሆስፒታሉ ሳይሆን ለተመረጡ የበጎ አድራጎት ድርጅቶች ይሄዳል። ታዋቂ ተዋናይ መድረክ ላይ ይወጣል፣ ሕዝቡን ይለምናል፣ ይቀልዳል፣ ያለቅሳልም። በ2022 ይህ አንድ በርሜል 810 ሺህ ዩሮ ወጣ። ለ300 ጠርሙስ ብታካፍሉት አንዱ ጠርሙስ 2700 ዩሮ ነው። እውነቱን ለመናገር ይህኛው ክፍል አይጥመኝም። የሚጫረተው ሰው ወይኑን ይሁን ካሜራውን እንደሚገዛ አይታወቅም። ነገር ግን ጉራውም ቢሆን ለታመመ ልጅ መድኃኒት ከሆነ ምን ይባላል? ጉራ ከኪስ ሲወጣ ገንዘብ ነው።

ዋናው ጨረታ በዚያው ዓመት ከ28 ሚሊዮን ዩሮ በላይ አስገባ። ወደ 800 በርሜል ነበር። ከዚያ በፊት የነበረው ዓመት ግን ሌላ ነው። በ2021 ኤፕሪል ላይ ውርጭ ወረደና ቡቃያውን አቃጠለው፤ ለጨረታ የቀረበው ከ400 በርሜል አነሰ። ሆስፒታል በሰማይ ፀባይ ይተዳደራል ብትሏቸው ሳቅ ይላሉ፤ ግን እውነት ነው። በርግጥ እንደ ማንኛውም የፈረንሳይ ሆስፒታል የመንግሥት ገንዘብም አለ። የወይኑ ገንዘብ ለአዳዲስ የሕክምና መሣሪያ፣ ለግንባታና ለአሮጌው ሕንፃ ጥገና ይሄዳል። አሮጌው ሕንፃ እስከ 1971 ድረስ በሽተኛ ይተኛበት ነበር። ልብ በሉ፤ 1971። ዛሬ ሙዚየም ነው፤ ሕሙማኑ በከተማው ውስጥ ወደ ተሠራው ዘመናዊ ሆስፒታል ሄደዋል።

ሰኞ መርሶ በሚባለው መንደር ምሳ አለ። ፖሌ ይሉታል። ለቀማ ሲያልቅ ባለማሳው ለሠራተኞቹ የሚያበላው ድግስ ነበር፤ ደቦ ወጥቶ ያጨደ ሰው ማታ ጠላ እንደሚቀርብለት ዓይነት። በ1923 ዡል ላፎን የሚባል ወይን አምራች መልሶ አስጀመረው። ወጉ አንድ ነው፤ ሁሉም ከራሱ ጓዳ ጠርሙስ ይዞ ይመጣል፣ ከጎኑ ላለው ይቀዳል። እዚህ ምሳ ላይ ማንም አይተፋም።

አሁን ወደ ቤታችን። እኛም የቆየ ቤት ውስጥ ድግስ ማድረግ እንወዳለን። ሠርግ፣ የምርቃት ፎቶ፣ የመጽሐፍ ምረቃ፣ እንደዛሬውም የወይን ምሽት። ቤቱ ግን ከጀርባ የሚታይ መጋረጃ ሆኖ ይቀራል። ፎቶ ተነስተን እንሄዳለን፤ ጣሪያው እንዳፈሰሰ ይቀራል። ከሃያ ዓመት በኋላ ደግሞ «ምን ዋጋ አለው፣ አርጅቷል» ይባልና ይፈርሳል። ፒያሳ በ2016 ዓ.ም ሲፈርስ ያየነውን አይተናል።

ገቢ ይዞ የተወለደ ቤት ግን ኖሮናል። የእቴጌ ጣይቱ ሆቴልን አስቡት። በ1898 ዓ.ም ነው የተመሠረተው። ያኔ ምግብ በገንዘብ መሸጥ ነውር ነበር፤ እንግዳ ይበላል እንጂ አይከፍልም። ስለዚህ ገበያ ጠፋ። አፄ ምኒልክ ራሳቸው መኳንንቱን ይዘው ሄደው በሉና ሒሳብ ከፈሉ ይባላል። ንጉሡ ከከፈሉ ማን ያፍራል? እንዲህ ነው የተለመደው። በ2007 ዓ.ም ጥር ላይ እሳት ክፉኛ ጎዳው። እንደገና ተነሳ፤ ሥራ ያለው ቤት ስለሆነ የሚያነሳው ሰው አላጣም። እቴጌዋና ጊጎን ቢገናኙ ብዙ የሚያወሩት ይኖራቸው ነበር።

ስለዚህ አዘጋጆቹን አንድ ነገር ልለምን። ወደ ላይ ስትወጡ የእንጨት በረንዳውን አይታችኋል፤ ሁለት ቦታ ወለሉ ተነቅሏል፣ ቆርቆሮውም ዝጓል። ከዛሬው መግቢያ ላይ፣ ከሚሸጠው ከየጠርሙሱም ላይ፣ ትንሽ ትንሽ ተቀንሶ ለዚህ በረንዳ ይቀመጥ። ስንት እንደገባና ምን እንደተሠራበት በሩ ላይ ይለጠፍ። የሚቀጥለው ዓመት ምሽትም እንዲሁ ይሁን። የሰጠ ሰው ስሙ እንዲጠራ ከፈለገ ደግሞ ጠርሙስ ላይ እንጽፍለታለን፤ ቦኖች አሳይተውናል።

በሉ እንቅመስ። በቡርጎኝ ጓዳዎች ከበርሜል ሲቀመስ ብዙ ጊዜ ቀዩ ይቀድማል፣ ነጩ ይከተላል፤ እኛም እንዲያ እናድርግ። መጀመሪያ ፒኖ ኑዋር፣ ቀጥሎ ሻርዶኔ። መትፊያው ከጠረጴዛው ጫፍ አለ። የሚጠቀምበት ካለ።